ያልታመነው ክንዴ

መንጃ ፈቃዴን ላሳድስ ብዬ ነው የሄድኩት። አሞኝ አይደለም። ይህ ከመጀመሪያው እንዲያዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ የመጣው ዓይኑ ያያል፣ ጆሮው ይሰማል የምትል አንዲት ማኅተም ፈልጎ በገባ ጤነኛ ሰው ላይ ነው።

ክሊኒኩ ከመገናኛ አለፍ ብሎ፣ ከታች ጫማ ቤት ያለበት ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዓይኔን ስመረመር ሰሌዳው ላይ ያሉትን ፊደላት ብቻ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ያረፈችውን ዝንብ ወንድ ትሁን ሴት ጭምር ነገርኳቸው። ከዚያ አንዲት ልጅ እግር ሲስተር ክንዴን በጨርቅ ጠቅልላ መንፋት ጀመረች። ጨርቁ ክንዴን ጨመቀው፣ ቀስ እያለ ተነፈሰ። ሲስተሯ ዓይኗን ከማሽኑ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ማሽኑ መለሰች። እንደገና ነፋች።

«አባባ፣ ደረጃውን ሮጠው ነው የወጡት?»

አባባ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። መጠርጠር የጀመርኩት እዚህ ጋ ነው። ሰውን ገና ከማየቷ አባባ የምትል ልጅ፣ ማሽኗም እንደ እሷ ጨምሮ ነው የሚናገረው።

«እኔ ከተወለድኩ ሮጬ አላውቅም» አልኳት።

«እሱም አንድ ችግር ነው» አለችና ሌላኛውን ክንዴን ጠቀለለችው። አምስት ደቂቃ አስቀመጠችኝ፣ እግርዎን አያነባብሩ አለችኝ፣ አያውሩ አለችኝ። አያውሩ የሚለውን ትእዛዝ ለአምስት ደቂቃ ያከበርኩት በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ከዚያ ቁጥሩን ነገረችኝ። መቶ ሰባ በመቶ አስር።

ሳቅኩ። እኔ ለሃያ ዓመት የውሃ ፓምፕና ቧንቧ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። የቦሌ ፎቅ ሁሉ ላይኛው ቤት ድረስ ውሃ የሚወጣለት በእኔ ምክር ነው ብል ያጋነንኩት በጥቂቱ ነው። እና ይቺ ልጅ ስለ ፕሬዠር ልታስተምረኝ ነው?

«ራሴን አያመኝም፣ አያዞረኝም፣ እንቅልፌን እተኛለሁ። ደም ግፊት ያለበት ሰው እንደዚህ ነው?»

ምን እንደምሠራ ቅድም ፎርሙ ላይ ጽፌያለሁ። እሱን አየት አድርጋ፣ «አሮጌ ቧንቧ ላይ ትልቅ ፓምፕ ቢገጥሙበት፣ ቧንቧው አስቀድሞ ምን ብሎ ይነግርዎታል?» አለችኝ።

«ምንም አይልም።»

«ከዚያስ?»

«አንድ ቀን ግድግዳው ይረጥባል።»

«በቃ፣ ያውቁታል» አለች። ቀጥላ ከቤተሰብ ውስጥ ይህ ሕመም ያለበት ሰው እንዳለ ጠየቀችኝ። ሳቄ የቆመው ያኔ ነው።

በአራት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድም አለኝ፣ ሲኤምሲ ነው የሚኖረው። ከቤታችን ቀልድ የሚያውቀው እሱ ነበር፤ እኔ እስከ ዛሬ የማወራው የእሱን ትርፍራፊ ነው። ለቅሶ ቤት እንኳ ከተቀመጠ ሟች ተነስቶ የሚስቅ እስኪመስል ድረስ ያስቅ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለ፣ አልተነሳም። ግፊቱን ተለክቶ አያውቅም ነበር። ቀኝ እጁ ቀረ፣ ከቃላቱ ሁሉ የተረፈው አንድ ነው፤ እሺ። ሻይ ትጠጣለህ? እሺ። ቴሌቪዥኑ ይዘጋ? እሺ። ናፍቀኸኛል ብዬው አንድ ቀን ለረጅም ጊዜ አየኝና እሺ አለኝ።

እኔ ሞትን የምፈራው ሰው ሁሉ የሚፈራውን ያህል ነው። ምላሴን ማጣት ግን ያስፈራኛል፤ ከእሷ በቀር ሌላ ንብረት የለኝም። ሱቁም የቆመው በእሷ ነው፤ ትዳሬም የቆየው በእሷ ነው፣ ባለቤቴ ይህን ባታምንም።

ሐኪሙ የጻፈልኝን የኪኒን ማዘዣ በኪሴ ይዤ ወረድኩና ቀጥታ መገናኛ ድልድዩ ሥር ሄድኩ። እዚያ ሚዛንና የግፊት መለኪያ ይዞ ጥላ ሥር የሚቀመጥ፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰውዬ አለ። ክንዴን ጠቀለለና ወዲያው «መቶ ሃያ በሰማንያ፣ እንደ ጎረምሳ ነዎት» አለኝ። ደስ አለኝ። ያንን ደስታ ይዤ መሄድ ነበረብኝ። ግን ጥርጣሬ አንዴ ከገባ አይወጣም፤ ታክሲ የምጠብቅ መስዬ አጠገቡ ቆምኩ። ከእኔ በኋላ አንድ በር የማያሳልፈው ወፍራም ሰው ተቀመጠ፤ መቶ ሃያ በሰማንያ። ቀጥሎ ነፋስ የሚወስዳት የምትመስል ሴትዮ፤ መቶ ሃያ በሰማንያ።

«ወንድሜ፣ የሸገር ሰው ሁሉ አንድ ልብ ነው ያለው?» አልኩት።

አልደነገጠም። «እዚህ የሚቀመጥ ሰው ታክሲ ሊሳፈር ነው» አለኝ። «መቶ ሰባ ብዬው መንገድ ላይ ቢደነግጥ ማን ይጠየቃል?»

መቶ ሰባ ያለው በአጋጣሚ ይሁን፣ የእኔን በትክክል ለክቶ ደብቆኝ ይሁን፣ እስከ ዛሬ እጠረጥራለሁ። ኪኒኑን ያን ዕለት ገዛሁ።

ለባለቤቴ ስነግራት አልጮኸችም። ሲኤምሲ አካባቢ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች፤ ነገር ሲገጥማት አታለቅስም፣ ትጠይቃለች። ስንት በስንት? ኪኒኑ ስንት ሰዓት? ምን ከለከሉህ? ጨው ቀንስ፣ ሆድህን ቀንስ፣ መጠጥ ቀንስ፣ በእግርህ ሂድ ተብያለሁ አልኳት። በማግስቱ የጨው ዕቃው ከማዕድ ቤቱ ጠፋ። የት እንዳደረገችው አላውቅም፤ ፈልጌዋለሁ፣ አላገኘሁትም። ኪኒኑን ጠዋት ጠዋት መዳፌ ላይ አስቀምጣ ስውጥ ታያለች፤ ምላሴን አንስቼ ሥሩን ያሳየሁበት ቀንም አለ። ማታ ማታ ሱቄ ካለበት ከገርጂ እስከ ቤት በእግሬ ገባሁ። ቢራ አቆምኩ። ጥሬ ሥጋ አቆምኩ። በሕይወቴ ያንን ያህል ሐቀኛ የሆንኩበት ወር የለም።

በወሩ ሄድኩ። ሲስተሯ ነፋች። መቶ ስድሳ ስምንት በመቶ ስምንት።

«አባባ፣ ኪኒኑን በትክክል እየወሰዱ ነው?»

ያቺን አጠያየቅ አውቃታለሁ። ፓምፑ ተበላሸ ብሎ የሚመጣ ደንበኛን ውሃ ሳይኖርበት አስነሥተኸዋል አይደል ብዬ የምጠይቀው እንደዚያ ነው። ማልኩ። ሐኪሙም መጣ፣ ለእሱም ማልኩ። የኪኒኑን መጠን ከፍ አደረገውና ጨው ግን አደራ፣ አደራ አለኝ።

ቤት ስደርስ ችሎቱ ተሰየመ።

«የት ነው የምትበላው?» አለች ባለቤቴ።

«እዚሁ። አንቺ ጋ።»

«ምሳህን?»

«አንቺ በቋጠርሽልኝ ሳህን።»

«ጉርድ ሾላ ያለው ሥጋ ቤት አልገባህም?»

«በበሩ እንኳ ማለፍ ትቻለሁ፣ በማዶ ነው የምሻገረው።»

አላመነችኝም። ጥፋቱ የእኔም ነው። አንድ ጊዜ አምሽቼ ስገባ የባቡሩ ሹፌር ታሞ ከመገናኛ እስከ አያት የነዳሁት እኔ ነኝ ብያታለሁ። ሌላ ጊዜ ቦሌ መንገድ ላይ ሰጎን ወጥታ መኪና ቆሞ ነው ብያታለሁ። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ቀን እውነት ሲናገር እውነቱን ማን ያውቅለታል? ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ቤት ስገባ የምትስመኝ አፌን ለማሽተት ሆነ። የኤርፖርት ውሻ እንደ እሷ ቢያሸት በቦሌ በኩል አንድ ሻንጣ አያልፍም ነበር። የኪኒኑን ማሸጊያ ትቆጥራለች፣ ከቀኑ ጋር ታስተያያለች፣ ሲገጥምላት ይበልጥ ትጠራጠራለች።

«ሽንት ቤት ጥለኸው ቢሆንስ?»

እኔም ዝም ብዬ አልተጠረጠርኩም፤ መልሼ ጠረጠርኳት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጨው የለውም የሚባለው ወጥ ይጣፍጣል። መጀመሪያ ሰሞን ምላሴ ለምዶት ነው አልኩ። ቆይቼ ግን አሰብኩት። ጨው የሌለው ምግብ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ አንድ ጊዜ ሐኪም ቤት ተኝቼ በልቻለሁ፣ እርጥብ ካርቶን ነው። ይህ ግን ወጥ ነው። ያውም ድሮ ከምትሠራው የቀላ፣ የሚያቃጥል፣ ጣት የሚያስልስ። ይቺ ሴትዮ እንዳልከፋ ብላ በስውር ጨው ትጨምራለች ብዬ ደመደምኩ።

አንድ ቅዳሜ ማዕድ ቤት ገብቼ ቆምኩ። ሽንኩርቱን ስታቁላላ፣ በርበሬውን ስትጨምር፣ ውሃውን ስታደርግ፣ ዓይኔን ከእጇ አልነቀልኩም።

«ምንድነው?» አለችኝ።

«ጨው ስትጨምሪ ልይዝሽ ነው።»

«እኔን?»

«ወጡ ይጣፍጣላ።»

ማንኪያውን ወጡ ውስጥ ትታ ዞረች። ሃያ ሦስት ዓመት አብረን ስንኖር ብዙ ነገር አድርጌያታለሁ፣ እንደዚያ ስትከፋ ግን አይቻት አላውቅም። «እኔ እጄን ታስሬ እየሠራሁልህ» አለች፣ «አንተ ውጪ እየበላህ በእኔ ታላክካለህ። ወንድምህን አይተኸዋል። እንደ እሱ እሺ እያልክ እንድቀበልህ ነው የምትፈልገው?»

እኔም ከፋኝ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት የተነጋገርነው ደህና አደርክ፣ ደህና ዋልሽ ብቻ ነው። ጨው እንዳልጨመረች በዓይኔ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ኪኒኑን መጠርጠር ጀመርኩ። አንዷን ለሁለት ከፍዬ ምላሴ ላይ አደረግኳት፣ ኖራ ኖራ አለችኝ። ኖራ ነው የሚሸጡልን ብዬ ለሱቅ ጎረቤቶቼ ሁሉ አወራሁ። መድኃኒት ቤቱን ቀየርኩ። ሌሊት ነቅቼ የገዛ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጥፋለሁ፣ እዘረጋለሁ፤ ከዚያ በሹክሹክታ ረጅም ቃል እናገራለሁ፣ ምላሴ እንዳለች ለማወቅ።

በጥር የበርበሬ ጊዜ ደረሰ። ባለቤቴ የዓመቱን በርበሬ የምትገዛው ሾላ ገበያ ነው፤ ተሸካሚ እኔ ነኝ። ተኳርፈንም ቢሆን ተሸካሚነቴ አልተሰረዘም። ዛላውን ገዝተን፣ ጆንያውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ ወደ ቅመም ሻጭዋ ሄድን። ሴትዮዋ የወሎ ሰው ናት፤ ባለቤቴ ከሷ መግዛት የጀመረችው ትዳር ስንይዝ ነው። የማንኛዋ ደንበኛ በርበሬ ምን ያህል ኮረሪማ እንደሚገባበት በቃሏ ታውቃለች።

«አስር ኪሎ ነው አይደል እህቴ? እንደ ዓምናው?»

«እንደ ዓምናው።»

እየመዘነች እየጠራች ወደ ከረጢት ትገለብጣለች። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ኮረሪማ፣ ነጭ አዝሙድ። እኔ ጆንያውን ተደግፌ የሰው ገበያ አያለሁ።

«ጨውስ? እንደ ልማድሽ ሁለት ኪሎ ላድርገው?»

«አዎ፣ ሁለት ይበቃል» አለች ባለቤቴ።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። «የምን ጨው?»

«የበርበሬ ነዋ።»

«ጨው አቁመናል አላልሽም?»

ለደደብ ተማሪ እንደምታስረዳው በትዕግሥት አየችኝ። «እሱ እኮ ጨው አይደለም። የበርበሬ ጨው ነው።»

ይህን ከአፏ አውጥታ ቆመች። ፊቷን አየሁት። ሒሳብ ስትሠራ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ተንቀሳቀሰ። እናቷ እንዲህ ነበር የምታዘጋጀው፣ የእናቷ እናትም፤ ጨው ከበርበሬው ጋር ተወቅጦ ወፍጮ ቤት ይሄዳል፣ ከተፈጨ በኋላ ስሙ በርበሬ ነው፣ ማንም ጨው ብሎ አይቆጥረውም። እሷም አልቆጠረችም፣ እኔም ትከሻዬ ላይ ተሸክሜው ሃያ ሦስት ዓመት ሳመላልስ አልቆጠርኩም።

«ሽሮውስ?» አልኳት።

«ሽሮውም አለው።»

«ሚጥሚጣውስ?»

ዓይኗን ከረጢቱ ላይ ጣለች። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጨው ሳቆምብህ ወጡ እንዳያስጠላህ ብዬ በርበሬውን አበዛሁት» አለች። «እጥፍ ነው የማደርገው።»

እዚያው ገበያ መሃል ልስቅ አስቤ ነበር። አፌ ላይ ሦስት ቀልድ ተሰልፎ ነበር፤ አንዱ እንዲያውም ጥሩ ነበር። ፊቷን ሳይ ዋጥኩት።

«ጨዉን ተዪው» አለቻት ቅመም ሻጭዋን።

ሴትዮዋ ሚዛኑን አስቀመጠች። «ኧረ እንዴት ይሆናል? ጨው የሌለው በርበሬማ ይነቅዝባችኋል።»

«ጥቂት ጥቂት ነው የማስፈጨው። እሱ ደም ግፊት አለበት።»

«አብሽሪ እህቴ፣ በርበሬ እኮ ነው፣ በርበሬ ምን ያደርገዋል?» አለችና እኔን ከላይ እስከ ታች ገመተችኝ። እንዳላመነችን ታስታውቃለች። ጨዉን ሌላ ሱቅ በርካሽ አግኝተው ነው ብላ ሳትጠረጥረን አልቀረችም፤ የመጨረሻዋን ኮረሪማ ስትመዝን እንደ ሁልጊዜው ምርቃት አልጨመረችልንም።

ታክሲ ውስጥ ጆንያው እግራችን መሃል ነው። የላም በረትን መንገድ ስንይዝ ባለቤቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች፣ «ለወንድምህም ቤት በርበሬ የምልከው ከዚያው ነበር» አለች። «ከመታመሙም በፊት።»

«እሱ ሲጋራ ያጨስ ነበር፣ ይጠጣ ነበር፣ ሆዱ እዚህ ድረስ ነበር። በዚያ ላይ አልተለካም።»

«አውቃለሁ» አለች።

በማግስቱ ሲኤምሲ ሄዳ ከወንድሜ ቤት የተረፈውን በርበሬ ወስዳ በሌላ ተካችው። ለሚስቱ ምን ብላ እንዳስረዳቻት አልነገረችኝም። እኛም ቤት አዲሱ በርበሬ ገባ፤ የመጀመሪያ ቀን የቀረበው ወጥ ያው የማውቀው እርጥብ ካርቶን ነበር፣ ያውም የሚያቃጥል ካርቶን። ሎሚ ጨመቀችበት፣ ቃሪያ ከተፈችበት። በላሁት። እሷም ከዚያው ሳህን በላች። አፌን ማሽተት ግን አላቆመችም።

ቀጠሮዬ ሲደርስ አብሬህ እሄዳለሁ አለች። ማሽኑን በዓይኗ ካላየች ቁጥሩን ቀንሼ እንደምነግራት ታውቃለች። ሲስተሯ ክንዴን ጠቀለለች፣ ነፋች፤ ባለቤቴ ከትከሻዋ በላይ አጎንብሳ ታያለች። መቶ ሠላሳ ስድስት በሰማንያ ስድስት።

«እህ» አለች ባለቤቴ። ለእኔ ይቅርታ ማለት ይህ ነበር፣ ተቀበልኩት።

የበርበሬውን ታሪክ ለሲስተሯ ነገርኳት፤ ሁለቱን ኪሎ ሁለት ኩንታል አድርጌ ነው የነገርኳት። ሲስተሯ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን ሰበሰበች። «ጨዉ ብቻ አይደለም አባባ፤ የኪኒኑ መጠን ከፍ ማለቱም ረድቷል፣ መራመድዎም ረድቷል። ሕመሙ ከቤተሰብ የመጣ ነው፣ ዕድሜም አለ። ወረደ ብለው ኪኒኑን እንዳያቆሙ። የሚያቆሙት ሁሉ ወረደ ሲባሉ ነው የሚያቆሙት።»

በልቤ ላቆመው አስቤ እንደነበር በምን እንዳወቀች አላውቅም።

ሁለት ወር ሙሉ ምላሴን እያነሣች፣ አፌን እያሸተተች፣ ማሸጊያ እየቆጠረች የኖረችብኝን ሴት ዝም ብዬ ወደ ቤት ልወስዳት አልፈለግኩም። «እሷንም ለኪልኝ» አልኳት ሲስተሯን። «ከአንድ ሳህን ነው የምንበላው። እሷም ትንሽ ትጨነቅ።»

«እኔ ምንም አይሰማኝም» አለች ባለቤቴ።

«እኔም አልተሰማኝም ነበር።»

«ራሴን እንኳ አሞኝ አያውቅም። እረማመዳለሁ፣ አልጠጣም፣ እንደ አንተ ሆድ የለኝም።» እንዲህ እያለች ተቀመጠች፤ ለቀልዱ ስትል የሹራቧን እጅ ሰበሰበች።

ጨርቁ ተነፋ፣ ተነፈሰ። ሲስተሯ ዓይኗን ከማሽኑ ወደ ባለቤቴ፣ ከእሷ ወደ ማሽኑ መለሰች። ያንን አስተያየት ቀድሞ የሚያውቀው ከሁለታችን እኔ ብቻ ነኝ።

«እማማ፣ ሌላኛውን ክንድዎን» አለቻት።

እማማ ስትባል ባለቤቴ ቀና አላለችም። አምስት ደቂቃ ተቀመጥን። እግሯን አስተካከለች። ሁለተኛው ልኬት ወጣ። መቶ ሰማንያ ሁለት በመቶ አስራ አራት።

አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ፤ ሁልጊዜ አንድ ነገር አላጣም። ባለቤቴ ማሽኑ ላይ ያለውን ቁጥር እያየች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ወጡን እየቀመሰች፣ ስታበስል እየቀመሰች፣ ጣፈጠ አልጣፈጠ እያለች፣ ከእኔ ቀድማ፣ በየቀኑ። ስንት ዓመት እንደሆነ እየቆጠረች መሰለኝ።

ሲስተሯ አዲስ ካርድ አወጣችና ስሟን ጻፈች። «ዕድሜ?»

እኔ የማውቀው አርባ ስምንት ነው። ልደቷን ስናከብር፣ ለትምህርት ቤቷ ፎርም ስትሞላ፣ ለእናቴ ስትነግራት፣ ምንጊዜም ከእኔ በአራት ዓመት ታንሳለች። አንዳንዴ እጠረጥር ነበር፤ ጠይቄያት ግን አላውቅም።

ወደ እኔ አላየችም። «ሃምሳ አራት» አለች።

ሲስተሯ ጻፈችው። ባለቤቴ የሰበሰበችውን የሹራቧን እጅ ለመመለስ ስትታገል ቦርሳዋ ከጉልበቷ ሊወድቅ ነበር፣ ወስጄ ያዝኩላት።